ከፌርፋክስ እስከ ሌማን ሐይቅ፦ ልጄ በኑክሌር ድርድር ያስተረጎመችበት ሰሞን

ከሎስ አንጀለስ የተነሣሁት ለሽርሽር አይደለም። የአራት ወር የልጅ ልጄን ይዤ ስዊዘርላንድ ድረስ የሄድኩት፣ እናቷ ሶስና አሜሪካ ከሰሜን ኮሪያ ጋር በምታደርገው የኑክሌር ንግግር ላይ እንድታስተረጉም ስለተጠራች ነው። ሕፃኗ ጡት አልተወችም፤ ሥራው ደግሞ ቀን አይሰጥም። ስለዚህ ነገሩ እኔ ላይ ወደቀ።

የሺ እባላለሁ። የሎስ አንጀለሱ የሐበሻ ሰፈር፣ ፌርፋክስ ላይ የሚያውቁኝ እትዬ የሺ ይሉኛል። ካልቨር ሲቲ ውስጥ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄድኩ እንከባከባለሁ። ስለ ኑክሌር የማውቀው ማንም በቴሌቪዥን የሚሰማውን ያህል ነው። ይህን የምጽፈው ግን በዚያ ጉዞ ያየሁትን ሌላ ሰው ስላላየው ነው። ንግግሩ የተካሄደባትን ከተማ ስም አልጠራም፤ የሰዎቹንም ስም ትቻለሁ። ስብሰባው ውስጥ ስለተባለው ነገርም ሶስና ጊዜው ካለፈ በኋላ «ይህንን መጻፍ ትችያለሽ» ያለችኝን ብቻ ነው የማወራው።

የሐበሻ ልጅ ኮሪያኛ ከየት አመጣች የሚለኝ ብዙ ነው። ዲቪ ደርሶን ስንመጣ የተከራየነው ቤት ኦሎምፒክ መንገድ ላይ ነበር፤ ከፌርፋክስ ወደ ምሥራቅ ሲነዱ መንገዱ ኮሪያታውን የሚገባበት አካባቢ። የመጀመሪያ ሥራዬም እዚያው፣ ሚስስ ፓርክ የምትባል ኮሪያዊት ላውንድሪ ቤት ልብስ መተኮስ ነበር። ሶስና ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፕላስቲክ ከተሸፈነው ልብስ ሥር ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች። ሚስስ ፓርክ ልጅ አልነበራትም። ፊደሉን አስቆጠረቻት፤ ስትሳሳት ትቆጣታለች፤ ስታውቅ ትልልቅ ወይን እየላጠች ታጎርሳታለች። ልጄ ሃይስኩል ሳትጨርስ ስልክ እያነሳች ከደንበኞቹ ጋር በኮሪያኛ መከራከር ጀመረች። ዩኒቨርሲቲም ያንኑ ተማረች፤ መንግሥት ፈትኖና አጣርቶ በአስተርጓሚነት ተቀበላት።

መነሻ

ነገሩ የተጀመረው ማክሰኞ ጠዋት፣ ሶስና ቤት ገንፎ እያገነፋሁ ሳለ ነው። ስልኳን ይዛ ከመኝታ ቤት ወጣች።

«እማዬ፣ ፓስፖርትሽ ቫሊድ ነው?»

«ነው። ምነው?»

«ሥራ መጣ። ሌላዋ አስተርጓሚ ሰርጀሪ ልታደርግ ነው፤ ሰው የላቸውም። ሁለት ሳምንት ሊሆን ይችላል።»

«ታዲያ ኤልዳና?»

«እሱን ነው የምልሽ። እኔ ከዴሊጌሽኑ ጋር ነው የምበረው፤ ቤቢ ይዤ አልችልም። ጠየቅኳቸው፣ ቤተሰቤ በራሴ ወጪ ሌላ ሆቴል ቢያርፍ ኦኬ ነው ብለዋል። አንቺ በማግስቱ ይዘሻት ትመጫለሽ።»

ባሏ ዳንኤል ሆስፒታል ነርስ ነው፤ ፈቃድ አላገኘም። እኔ የምንከባከባቸውን አዛውንት ለጓደኛዬ አደራ ሰጥቼ ተነሣሁ።

በማግስቱ ለመንገድ ስንቅ ልገዛ ፌርፋክስ ወጣሁ። ሽሮ፣ በሶና ድርቆሽ ያዝኩ። ባለሱቁ ጋሼ መኮንን ዕቃውን በከረጢት እያስገቡ፣

«ወዴት ነው የሺ?» አሉኝ።

«ስዊዘርላንድ ነው፣ ጋሼ።»

«ለመዝናናት?»

«ልጅ ልይዝ።»

«አይ አሜሪካ! ሕፃን ለመያዝ ስዊዘርላንድ ይኬዳል?»

ሌላ ልጨምርላቸው አልችልም ነበር። «መኪናዬን ፓርክ ያደረግኩበት ሜትር ሊያልቅብኝ ነው» ብዬ ሮጥኩ።

ኤርፖርት ያደረሰኝ ባለቤቴ ተሾመ ነው። ላ ሲዬኔጋ በሚባለው መንገድ ወረድን። እነዚያ ነዳጅ ከመሬት የሚስቡት ብረቶች ኮረብታው ላይ እንደ ሁልጊዜው ጎንበስ ቀና ይላሉ። ተሾመ መኪና ሲነዳ ወሬ ይወዳል፤ የዚያን ቀን ግን ያወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። ቆይቶ፣

«ሚሳይላቸው እዚህ ድረስ ይደርሳል ይላሉ» አለኝ።

«ይላሉ።»

«እንግዲህ የኛ ልጅ እነሱ ፊት ትቀመጣለች።»

«አጠገባቸው እኮ አይደለም፤ ጠረጴዛ አለ» አልኩት። ሳቅ አለ። ነገር ግን መሪውን የያዘበት እጁ አልላላም። ሻንጣዬን ሲያወርድ የኤልዳናን ግንባር ሳማት፤ ቀጥሎ እኔን። ተሾመ ሰው ፊት የሚስም ሰው አይደለም።

በአየር ላይና ዙሪክ

ሶስና አልባ የቀረችው ኤልዳና የምትጠጣውን ወተት በበረዶ ሣጥን ይዤ ነበር። ፍተሻው ላይ አንዲት ወጣት ሠራተኛ ሣጥኑን ከፍታ እያንዳንዱን ከረጢት በመሣሪያ አየችው። «የእናቷ ወተት ነው» አልኳት። «እናቷ ዕድለኛ ናት» ብላ መልሳ በጥንቃቄ ዘጋችልኝ።

አውሮፕላኑ ውስጥ ከፊት ግድግዳው ላይ የሚንጠለጠል የሕፃን አልጋ ሰጡን። ኤልዳና ግሪንላንድን ተኝታ አለፈችው፤ እኔ ግን አየሁት። ነጭ ብቻ ነው፤ ዳርቻው የማይታይ። ሰው ይህን ሁሉ ምድር አልፎ የሚሄደው ሁለት አገሮች በቀጥታ መነጋገር ስላቃታቸው ነው ብዬ አሰብኩ።

ዙሪክ የፓስፖርት መስኮቱ ላይ ያለው ወጣት የወላጆቿን የፈቃድ ወረቀት ካየ በኋላ፣

«እናቷ የት ናት?» አለኝ።

«እዚሁ አገር፣ ሥራ ላይ።»

«ምን ትሠራለች?»

«አስተርጓሚ ናት።»

«የምን ቋንቋ?»

«የኮሪያኛ።»

ቀና ብሎ ነጠላዬን አየ፣ ሕፃኗን አየ። «ኮሪያኛ?» አለ ደግሞ።

«ኮሪያኛ» አልኩት፣ አንገቴን ቀና አድርጌ። ማኅተሙን አሳረፈ። በዚህ ጉዞ መጀመሪያ ኩራት የተሰማኝ እዚያ መስኮት ላይ ነው።

ባቡሩ

የባቡር ጣቢያው ከኤርፖርቱ ሥር ነው፤ በተንቀሳቃሽ ደረጃ ወርደው ይሳፈራሉ። ባቡሩ በተባለለት ደቂቃ መጣ፣ በተባለለት ደቂቃ ሄደ። አንድ ሻይና አንድ ሳንድዊች ሃያ ፍራንክ ሊሞላ ትንሽ ቀረው፤ ፌርፋክስ ላይ በዚህ ገንዘብ በየዓይነቱ ተበልቶ ለጉርሻም ይተርፋል። ከዚያ በኋላ በሶዬን በውኃ በጥብጬ ጠጣሁ።

መንገዱ አረንጓዴ ነው። ላሞቹ ወፋፍራም ናቸው፤ አንገታቸው ላይ ቃጭል አለ። በርን የምትባለውን ዋና ከተማቸውን አለፍን። ፊት ለፊቴ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ኤልዳናን ሲያጫውቱ ቆዩና፣ ፍሪቡር ከተባለ ከተማ ከተነሣን በኋላ በእንግሊዝኛ፣ «በግራ በኩል ይቀመጡ፤ አሁን ከዋሻው ስንወጣ ያያሉ» አሉኝ። ቦታ ቀየርኩ። ባቡሩ ጨለማ ውስጥ ገባና ወጣ። ሰፊ ሐይቅ ከእግራችን ሥር ተዘረጋ። ከማዶ በረዶ የለበሱ ተራሮች፤ ከወዲህ እስከ ውኃው ዳር በእርከን የተደረደረ የወይን ተክል። እርከኑን የያዘው የድንጋይ ካብ ነው፤ ኮንሶ ያየሁትን አስታወሰኝ። ሕፃኗን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጌ «እዪ! እናትሽ ያለችበት ነው» አልኳት። እሷ ያየችው የአሮጊቷን ጉትቻ ነበር።

ሶስና ጣቢያው ላይ ቆማ ጠበቀችን። ጥቁር ሱፍ ለብሳለች፤ ጸጉሯን ወደ ኋላ አስይዛዋለች። ልጇን ተቀብላ አፍንጫዋን አንገቷ ውስጥ ቀብራ ቆየች።

ከወይኑ በላይ ያለው ቤት

ንግግሩ የሚካሄደው ከከተማዋ በላይ፣ ወይኑ መካከል ባለ አሮጌ ትልቅ ቤት ነው። የእኔ ሆቴል ከታች ሐይቁ ዳር ነው፤ ጠባብ፣ ንጹሕ፣ ሰገነት ያለው። ከሰገነቱ ላይ ሆኜ የቤቱን ጣሪያና በሩ ላይ የቆሙትን ፖሊሶች አያለሁ። ሶስና ማለዳ ታጠባና ትወጣለች፤ እኩለ ቀን ላይ ቁልቁል መጥታ ታጠባለች፤ መልሳ ትወጣለች። የአገር ዕጣ በሚወሰንበት ጠረጴዛና በእኔ አልጋ መካከል ያለው መንገድ ያን ያህል ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ይህ የምሳ ዕረፍት ነገር አመጣ። የሰሜን ኮሪያ ሰዎች ዕረፍቱ ለምን ረዘመ ብለው ጠረጠሩ። አሜሪካኖቹ ከዋሽንግተን መመሪያ እየጠበቁ ነው የመሰላቸው። ሶስና ይህን ስትነግረኝ ሳቅ ያፍናታል።

«ምን ተባለ ታዲያ?»

«ቺፌ፣ ዋና ተደራዳሪው፣ 'አስተርጓሚያችን ሕፃን ታጠባለች' አለ። እኔው ራሴ ተረጎምኩት፤ ፊቴ እየቀላ።»

«እነሱስ?»

«እርስ በርስ ተያዩ። አላመኑም መሰለኝ።»

እሷ የምትሠራው የአሜሪካኑን ቃል ወደ ኮሪያኛ ማቅረብ ነው። የእነሱን ቃል ወደ እንግሊዝኛ የሚያመጣ ደግሞ የራሳቸው አስተርጓሚ አላቸው። ሁለቱ አስተርጓሚዎች አንዳቸው የሌላውን ሥራ እየሰሙ ይጠብቃሉ። እኔ ቀላል ይመስለኝ ነበር። አመሻሽ ላይ ስትመጣ ግን ድምፅዋ ተዘግቶ፣ አንዳንዴ የአማርኛ ቃል ጠፍቶባት ትቀመጣለች።

አንድ ጠዋት ኤልዳናን በአንቀልባ አዝዬ በሐይቁ ዳር ስሄድ፣ ወደ እኔ የምትመጣ አንዲት እስያዊት አየሁ። ዕድሜዋ ወደ እኔ ይጠጋል። ጥቁር ልብስ ለብሳለች፤ ደረቷ ላይ ትንሽ ቀይ ዓርማ ተሰክቷል። ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ ወጣት ወንድ ይከተላታል። ሶስና ስለ ዓርማው ነግራኝ ስለነበር የሰሜን ኮሪያ ሰው መሆኗን አወቅኩ። ሴትዮዋ ግን እኔን አላየችም፤ ጀርባዬ ላይ ያለችውን ነው ያየችው። ቆመች። እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ ልጅ ማዘል የሚመስል ምልክት አሳየችኝ።

«በእናንተም አገር እንዲህ ነው?» አለችኝ፣ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ።

«አዎ።»

«በእኛም።» ጠጋ አለች። «ስንት ወሯ ነው?»

«አራት።»

የኤልዳና አንዱ ካልሲ ወልቆ ተንጠልጥሎ ኖሯል። ሴትዮዋ እግሯን በመዳፏ ያዝ አድርጋ «በርዷታል» አለችና ካልሲውን ስባ አለበሰችልኝ። ወጣቱ ከኋላ ጉሮሮውን ጠረገ። ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጥታኝ ሄደች።

እኩለ ቀን ላይ ለሶስና ነገርኳት። ልጇን ከጡቷ ልትነጥቃት ነበር።

«እማዬ! ምን አልሻት?»

«አዎ አልኳት። አራት አልኳት።»

«ሌላስ?»

«ሌላማ፣ ካልሲዋን አለበሰቻት።»

«እሷ እኮ የእነሱ አስተርጓሚ ናት! ሪፖርት ማድረግ አለብኝ።» በእርግጥም አደረገች። የልጅ ልጄ ካልሲ በአሜሪካ መንግሥት ወረቀት ላይ ሰፍሯል። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ስለ ምሳ ዕረፍቱ የጠየቀ የለም።

የልጆች ጨዋታ

ሁለተኛው ሳምንት እንደገባ፣ ሶስና ገና ረፋዱ ላይ የክፍሌን በር አንኳኳች። ጫማዋን አውልቃ ሳትቀመጥ ልጇን ተቀበለችኝ። ማጥባት እንደጀመረች ነገረችኝ።

የሆነው እንዲህ ነው። ስብሰባው ከተቆጣጣሪዎች ጉዳይ ላይ ደርሶ ቆሟል። የኑክሌር ጣቢያዎቹን የውጭ ባለሙያ ገብቶ ካላየ የሚባለው ሁሉ አይጨበጥም ይላሉ አሜሪካኖቹ፤ እነዚያ ደግሞ መጀመሪያ ማዕቀቡ ይነሣ ይላሉ። የአሜሪካኑ ዋና ተደራዳሪ ደክሞት፣ ትዕግሥቱም አልቆ፣ «ተቆጣጣሪ ካላስገባችሁ የምትሰጡን ወረቀት ሁሉ የልጆች ጨዋታ ነው» አለ። ሶስና ቃሉን እንዳለ ወደ ኮሪያኛ አስገባችው። የእነዚያ አለቃ ብዕሩን ዘግቶ ተነሣ። ሰዎቹ ሁሉ ተከትለውት ወጡ። መኪኖቻቸው ሻንጣ እየጫኑ ነው ተባለ።

«ታዲያ አንቺ ምን አደረግሽ?» አልኳት።

«ምንም። ግን የቺፉ ምክትል ኮሪደር ላይ ጠራኝና፣ 'የትርጉም ስሕተት ነበር ብንልስ? አንቺ ትንሽ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ፤ እነሱም ፊታቸው ሳይጠፋ ይመለሳሉ' አለኝ።»

እውነቱን ልናገር፤ ለእኔ ጥሩ ሐሳብ መስሎኝ ነበር።

«ታዲያ በያቸዋ፣ ሶሲ! ምን ይጎድልብሻል? እኔ በዚህ አገር ሳላጠፋ ስንቴ ሶሪ ብያለሁ። ሰላም ከመጣ አንዲት ይቅርታ ምንድን ናት?»

ቀና ብላ አየችኝ። የተቆጣች መስሎኝ ነበር፤ አልተቆጣችም።

«እማዬ፣ ስሚኝ። እኔ ተሳሳትኩ ካልኩ እስከ ዛሬ ያልኩት ሁሉ ይጠረጠራል። ባለፈው ሳምንት የተስማሙበትን ነገር ነገ 'አስተርጓሚዋ ተሳስታ ነው' ይሉታል። እነዚህ ሰዎች በምንም አይተማመኑም። በሚሳይል አይተማመኑም፣ በወረቀት አይተማመኑም። ያለው እኔና ያቺ ሴትዮ የምንናገረው ቃል ብቻ ነው። እሱን ከሸጥኩት ምን ይቀራል?»

«ከሥራ ቢያስወጡሽስ?»

«ያስወጡኛ።»

«ተጣልተው ቢቀሩስ? አባትሽ ያለውን ታውቂያለሽ፤ ሎስ አንጀለስ ድረስ ይደርሳል ነው የሚሉት።»

ይህን ስል ዓይኗ እንባ ሞላ። ኤልዳናን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት፤ ካገሳች በኋላ ለእኔ ሰጠችኝ። ጫማዋን አጠለቀች።

«ቺፉን ራሱን አናግራለሁ» አለች በሩ ላይ ቆማ። «ይቅርታ ካስፈለገ የተናገረው ሰው ይጠይቅ። የእሱንም ይቅርታ እንዳለ አደርስለታለሁ።»

ከሰገነቱ ላይ ሆኜ ዳገቱን ስትወጣ አየኋት። ዝናብ ጀምሮ ነበር፤ ጃንጥላ አልያዘችም። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ በወይኑ መካከል ትወጣለች። ከቤቱ ግቢ ደግሞ አንድ ጥቁር መኪና በዝግታ ወደ በሩ ሲጠጋ ይታየኛል። ዳዊት ከቦርሳዬ አውጥቼ ጀመርኩ፤ የትኛው መዝሙር ላይ እንዳለሁ ግን አላውቀውም።

ማታ ስትመጣ ያለችኝ ይህን ብቻ ነው፤ «ተቆጣኝ። ከዚያ 'ነገ ጠዋት አብረሽኝ ግቢ' አለኝ። ሰዎቹ አልሄዱም፤ እስከ ነገ ይቆያሉ።» ሽሮ ሠርቼላት ነበር፤ ሁለት ጊዜ ጎርሳ እጇን ታጠበች።

በሩ ላይ

በማግስቱ እኩለ ቀን ሆነ፤ ሶስና አልመጣችም። ሰዓቱ አለፈ። ኤልዳና ጡጦውን በምላሷ እየገፋች ታለቅሳለች። አባበልኳት፣ ዘፈንኩላት፣ አልሆነም። ወፍራሙን ካልሲ አልብሼ አዘልኳትና ዳገቱን ወጣሁ።

በሩ ላይ ያለው ፖሊስ ወጣት ነው። «ማለፍ አይቻልም፣ ማዳም» አለኝ።

«ለማለፍ አልመጣሁም። ይቺ ልጅ ርቧታል፤ ምግቧ ያለው እዚያ ውስጥ ነው» አልኩት።

ወደ ኤልዳና ተመለከተ፤ እሷም እሪታዋን አቀለጠችው። ሬዲዮኑ ላይ አንድ ነገር ተናገረና የድንጋዩ ካብ ላይ እንድቀመጥ አሳየኝ። ተቀመጥኩ። ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ ከወይኑ ቅጠል ላይ እንፋሎት ይነሣል።

ቆይቶ የቤቱ ትልቅ በር ተከፈተ። ሰዎቹ ወደ በረንዳው ወጡ፤ አሜሪካኖቹም ሰሜን ኮሪያኖቹም። አልተቃቀፉም፣ አልተጨባበጡም። ግን አንድ በረንዳ ላይ ቆመው፣ አንዱ ለሌላው ወንበር አሳልፎ ሲሰጥ አየሁ። ያቺ ሴትዮ ከአለቃዋ ኋላ ቆማለች። የኤልዳናን ልቅሶ ስትሰማ ዞራ ካልሲ የለበሰውን የሕፃኗን እግር ከሩቅ ተመለከተች። ራሷን ትንሽ ነቀነቀች።

ሶስና እየሮጠች መጣች። ካቡ ላይ አጠገቤ ተቀምጣ፣ በነጠላዬ ከልላ ማጥባት ጀመረች፤ ፖሊሱም ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ። እያጠባች በአጭሩ ነገረችኝ።

ዋና ተደራዳሪው ቆሞ ነበር የተናገረው። «ትናንት ያልኩት ለእንግዳ የሚባል ቃል አልነበረም፤ የምፈልገውን ነገር አልለወጥኩም፤ ስለተናገርኩበት አፍ ግን ይቅርታ እጠይቃለሁ» አለ። ሶስና አንድም ቃል ሳትቀንስ አቀረበችው። የእነዚያ አለቃ ወደ ራሱ አስተርጓሚ ዞሮ፣ «ትናንት የተባለውን ይቺ ልጅ በትክክል ነበር ያስገባችው?» ብሎ ጠየቀ። ያቺ ሴትዮ ተነሥታ «በትክክል» አለች። «ዛሬስ?» «ዛሬም በትክክል።»

«እና ምን አለ?» አልኳት።

«'ስድቡን ያላለዘበች ሰው ይቅርታውንም አላጣፈጠችውም ማለት ነው፤ እንቀጥል' አለ።»

እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። «እማዬ፣ ፕሊስ፣ እዚህ አይደለም» አለችኝ፤ እሷም ግን እያለቀሰች ነበር።

ዋና ተደራዳሪው ራሱ ወደ እኛ ወረደ። ሸበቶ፣ ትከሻው የጎበጠ ትልቅ ሰው ነው። «ምሳዋን ስላዘገየሁባት ይቅርታ» አለ ወደ ሕፃኗ እያየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ልጅሽን እንዴት አድርገሽ ነው ያሳደግሻት?» አለኝ።

«ብቻዬን አይደለም ያሳደግኳት። ሚስስ ፓርክ የምትባል የላውንድሪ ባለቤትም አለችበት» አልኩት። አልገባውም፤ ሶስና ግን እስክትስቅ ድረስ ገብቷታል።

መመለስ

ንግግሩ በዚያው ሳምንት አለቀ። ጋዜጣ የሚያራግበው ዓይነት ስምምነት አልወጣም። የሁለቱም ወገን ባለሙያዎች እንደገና ሊገናኙ፣ ያን ጊዜም የተቆጣጣሪዎቹ ጉዳይ መጀመሪያ ሊነሣ ተስማሙ። «ትንሽ ናት፣ እማዬ። ግን ከመቋረጥ ትሻላለች» አለችኝ ሶስና፤ ሻንጣዋን እየዘጋች።

ስመለስም ብቻዬን ከኤልዳና ጋር ነበርኩ። ባቡሩ ሐይቁን ትቶ ዋሻው ውስጥ እስኪገባ በመስኮቱ አየሁ። አንድ ነገር ከራሴ ጋር ስከራከር ነበር። እኔ ጨዋነት ማለት ቶሎ ይቅርታ ብሎ ነገር ማብረድ ይመስለኝ ነበር፤ ልጄንም ያስተማርኳት እሱን ነው። ይህም መጥፎ አይደለም፤ ብዙ ቤት አድኗል። ግን እውነቱን ይዞ፣ ድምፅን ከፍ ሳያደርጉ መቆም የሚባል ሌላ ጨዋነት አለ። ያንን ልጄ ከየት እንዳገኘችው አላውቅም። ከእኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ኮራሁ። የማያውቁትን ነገር ከወለዱት ልጅ መማር ለካ ደስ ይላል።

ተሾመ ኤርፖርት ሲቀበለኝ ስለ ሚሳይል አልጠየቀኝም። «በልታለች?» አለኝ። «በልታለች» አልኩት። ስለ ሁለቱ ልጆቹ በአንድ ጊዜ መጠየቁ ነበር፤ ገብቶኛል።

ሶስና ከተመለሰች በኋላ እሑድ ዕለት ሁላችንም ፌርፋክስ ወጥተን ምሳ በላን። ምግብ ቤቱ ሞልቷል። ጋሼ መኮንንም አጠገባችን ካለ ጠረጴዛ ከሁለት ሾፌር ጓደኞቻቸው ጋር ተቀምጠዋል። ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን ዜና ያሳያል። ከሰሜን ኮሪያ ጋር ንግግሩ ይቀጥላል አለና የስብሰባውን ፎቶ አወጣው፤ ረጅም ጠረጴዛ፣ በሁለት ወገን የተደረደሩ ጥቁር ሱፎች። ዋና ተደራዳሪውን አወቅኩት። ከጎኑ ያለው ሰው ከፎቶው ተቆርጦ ትከሻው ብቻ ቀርቷል።

«እነዚህ እኮ አይግባቡም!» አለ አንደኛው ሾፌር።

«ለመሆኑ በምን ቋንቋ ነው የሚያወሩት?» አሉ ጋሼ መኮንን።

«አስተርጓሚ አላቸዋ፣ ጋሼ። ከዋሽንግተን የሚያመጡት ትልቅ ሰው ይሆናል።»

ሶስናን አየኋት። አንገቷን ወደ ትሪው ደፍታ «እማዬ፣ ፕሊስ» አለች። ከዚያ ዳንኤልን አየች፣ ቴሌቪዥኑን አየች። «ኦኬ፣ ፎቶው ወጥቷል፤ መናገር ትችያለሽ» አለችኝ።

እጄን በሶፍት ጠረግኩና ተነሣሁ። በጠረጴዛዎቹ መካከል አልፌ ቴሌቪዥኑ ሥር ቆምኩ። ጣቴን ፎቶው ዳር ላይ፣ በተቆረጠው ጥቁር ሱፍ ላይ አደረግኩ።

«ይቺ ትከሻ» አልኳቸው «የእኔ ልጅ ናት።»